ኦቦ ገመዳ የነቁበት መታጠፊያ

ሰው ከሩቅ አገር ሊያያት የሚመጣባትን ከተማ እኔ በየቀኑ እያሳየሁ ሰልችቻት ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ወጣቱ በየዙሩ የሚሄድበት ጊዜ። ስሜ ጫልቱ ይባላል። ለቡ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ፣ አማርኛም ኦሮምኛም ስለምችል እንግዳ የሚያስተናግድ አንድ መሥሪያ ቤት በአስጎብኚነት ተቀጠርኩ።

የዛሬውን ለቡና ጀሞ የምታውቁ ያኔ ምን ይመስሉ እንደነበር ብነግራችሁ ላታምኑኝ ትችላላችሁ። የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበሩ። ክረምት ከሆነ ጧት ጧት በፕላስቲክ ጫማ ጭቃውን ተሻግሬ መካኒሳ አቦ እደርሳለሁ። ከቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጬ እግሬን በጨርቅ እጠርግና ታኮ ያለውን የሥራ ጫማዬን አደርጋለሁ። ጫማው ይጠበኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በእሱ ቆሜ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ጭቃ ተሻግሬ እገባለሁ። አባቴ እግሬን አይተው «ይኼ ሥራ የተቀመጠ ሰው ሥራ ነው ብለሽኝ አልነበረም ወይ?» ይሉኝ ነበር።

የምናገረው ሁሉ በወረቀት የተሰጠኝ ነው። አብዮት አደባባይ ስንደርስ ይህን፣ አፍሪካ አዳራሽ ስንደርስ ያን። ትግላችን ሐውልት ሥር ሁለት ገጽ ሙሉ አለ። ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ፣ አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ፤ ሁሉም የየራሱ አንቀጽ አለው። መጀመሪያ ሰሞን ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ግን አፌ እያወራ ልቤ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ስለ ሐውልቱ ቁመት እየተናገርኩ ቤት ውስጥ ጋዝ አለ ወይስ አልቋል ብዬ አስባለሁ።

በዚህ መሐል ነው ሠላሳ ሁለት ገበሬዎች ከጅባትና ሜጫ አውራጃ የመጡት። ከየገበሬ ማኅበራቸው ተመርጠው ለአምስት ቀን ዋና ከተማቸውን እንዲጎበኙ ነው። ያረፉት መካኒሳ ውስጥ አንድ የሥልጠና ግቢ ነበር፤ ለቤቴ ስለሚቀርብ ደስ አለኝ። አብዛኞቹ አማርኛ ስለማያውቁ አስተርጓሚያቸውም እኔው ነኝ።

የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ይልማ የሚባል ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ካድሬ ነበር። ካኪ ይለብሳል፤ ጥቁር ማስታወሻ ደብተር ከእጁ አይለይም። ብዙ አያወራም። አንድ ነገር በኦሮምኛ በተነገረ ቁጥር ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሉ?» ይላል፤ እኔ እተረጉማለሁ፤ እሱ አንዳንዱን ይጽፋል። የሚጽፈውን የትኛውን እንደሆነ ስለማላውቅ እፈራው ነበር። የአውቶቡሱ ሾፌር ጋሽ ወርቁ ናቸው። ከዚህ ቀደምም አብረን ሠርተናል።

ኦቦ ገመዳን የማውቃቸው በእንቅልፋቸው ነው። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ስድሳ የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ቡሉኳቸውን ተከናንበው ከሾፌሩ ጀርባ መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። አውቶቡሱ ትንሽ እንደሄደ አንገታቸው ዘንበል ይላል። አብዮት አደባባይ ሌላው ወርዶ ሲያይ እሳቸው ተኝተው ቀሩ። በአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ወደ ቦሌ ሊራመድ እግሩን ያነሣውን የፈረንጅ ሐውልት ሲያዩ ገበሬዎቹ «ይኼ ሰውዬ ወዴት ሊሄድ ነው?» ብለው ሲሳሳቁ፣ ኦቦ ገመዳ ዐይናቸውን አልገለጡም።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቁኝ። ሁለተኛው ቀን ነው፣ ብሔራዊ ሙዚየም። የድንቅነሽን አጥንት እያሳየሁ፣ ዕድሜዋን እንደ ጸሎት በቃሌ ስወርደው፣ ከኋላ ቀርበው መስታወቱን ትክ ብለው አዩና በኦሮምኛ «ዘመድ አልነበራትም?» አሉኝ።

«አባባ፣ ብዙ ዘመን ነው። ማን እንደነበራት አይታወቅም።»

«ታዲያ አሁን ካገኟት ለምን አልቀበሯትም?»

ጓድ ይልማ «ምን አሉ?» አለኝ። «ዕድሜዋን ነው የጠየቁኝ» አልኩት። አልጻፈም።

ሦስተኛው ቀን የመርካቶ ተራ ነበር። ገበሬዎቹ ከሁሉ የጓጉለት ይህንኑ ነው። ሐውልትና አዳራሽ ከሰለቻቸው በኋላ ጨው፣ ማረሻ፣ ገመድና በርበሬ ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። በየአምስት ሆነው እንዲዞሩ ተፈቀደና ስምንት ሰዓት ላይ አውቶቡሱ ዘንድ እንድንገናኝ ተነገራቸው። እኔ አንድ ሱቅ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ማንንም አልጠበቅሁም። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ስቆጥር ሠላሳ አንድ ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ጓድ ይልማ ከፊቴ አነበበው። «ማነው የጎደለው?»

«ኦቦ ገመዳ ናቸው።»

«የትኛው?»

«የሚተኙት።»

አብረዋቸው የነበሩትን አራት ሰዎች ጠየቅን። ገመድ ተራ ድረስ አብረዋቸው ነበሩ፤ ከዚያ ዘወር ሲሉ አጧቸው። ወደ ገመድ ተራ ሮጥኩ። በሰው፣ በአህያና በተሸካሚ መሐል እየተጋፋሁ ስማቸውን እየጠራሁ ሄድኩ። አንድ ገመድ ሻጭ ሰውዬ «ባለ ቡሉኮውን ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ።»

«ገመዴን እያገላበጡ ሲያዩ ቆይተው፣ የከብት መንጋ አለፈ። ነጂዎቹን አንድ ነገር በኦሮምኛ ጠየቋቸውና ተከትለዋቸው ሄዱ። እኔ ከብቱ የሳቸው መስሎኝ ነበር።»

ተመልሼ ይህንኑ ለጓድ ይልማ ነገርኩት። ደብተሩን ገለጠ፤ ግን አልጻፈም።

«ጓዲት ጫልቱ፣ እንግዶቹን በስም ፈርመሽ ነው የተረከብሽው።»

«አዎ ጓድ።»

«እኔ እነዚህን ይዤ ፕሮግራማችን ላይ ወዳለው ስብሰባ እሄዳለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መካኒሳ፣ ግቢው በር ላይ እቆማለሁ። ሰውየው ያን ጊዜ ከሌሉ ሪፖርት እጽፋለሁ። ከሳቸው ስም ቀጥሎ የሚገባው ያንቺ ነው።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሪፖርት ምን እንደሚያስከትል ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። ከሥራ መባረሩ ቀላሉ ነው። «የት አደረስሽው? ማን ላከሽ? ቤታችሁ ማን ይገባል ማን ይወጣል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አባቴም ይጠየቃሉ።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ጋሽ ወርቁ ጎማ የሚያዩ መስለው ወረዱና አጠገቤ ጎንበስ አሉ።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰውዬው ሁልጊዜ አይተኙም። በመስታወት አያቸዋለሁ። ጧት ከመካኒሳ ወጥተን ቄራ ሳንደርስ ያ መታጠፊያ አለ አይደል? የቆሰሉት ወታደሮች ያሉበት አጥር? እዚያ ስንደርስ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ ይለጥፋሉ። ማታም ስንመለስ እንደዚሁ። ሌላ ቦታ ነቅተው አይቻቸው አላውቅም።»

ያንን አጥር በየቀኑ አልፈው ነበር። የሽቦ አጥር ነው፣ እዚህም እዚያም በቆርቆሮ የተጠገነ። ከሰሜን ግንባር ቆስለው የመጡ ልጆች ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ ይታያሉ። ወረቀቴ ላይ ስለሌለ አይቼው አላውቅም ብል ይሻላል።

ከብቱ ወዴት እንደሚነዳ ታወቀኝ። ከሰሜን በኩል የሚመጣ የእርድ ከብት መርካቶን አልፎ፣ በሜክሲኮ አድርጎ ቄራ ነው የሚገባው፤ መታጠፊያው ደግሞ ከቄራ ብዙ አይርቅም።

ውይይት ታክሲ ተሳፍሬ ሜክሲኮ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ የሚሄድ ታክሲ ሰልፉ ረጅም ስለነበር በእግሬ ገባሁበት። አስፋልቱ ላይ ትኩስ እበት አየሁ። ገበሬ ነኝና እበቱ ከተጣለ ስንት እንደቆየ አውቃለሁ፤ ብዙ አልራቁም። ታኮ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። መንገደኛ ያየኛል። የመሥሪያ ቤት ቀሚስ የለበሰች ልጅ በባዶ እግሯ የከብት ዱካ ተከትላ ትሮጣለች፤ ቢያዩኝ አይፈረድባቸውም።

ነጂዎቹን ያገኘኋቸው ቄራ በር ላይ ነው። ከብቶቹን አስገብተው ግንቡን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከላያቸው አሞራ ይዞራል።

በኦሮምኛ «አንድ ሽማግሌ አብረዋችሁ አልነበሩም?» አልኳቸው።

አንደኛው ሳቅ አለ። «አባ ነው የምትይን? እሱማ ባይኖር ዛሬ አልቆልን ነበር። አንዱ ሰንጋ መኪና ደንግጦ ሊበረግግ ሲል ቀርቦ አንገቱን እያሻሸ አብሮት ሄደ። እስከዚህ ድረስ ነድቶልናል። 'ዳቦ እንግዛልህ' ብንለው 'መንገድ አሳያችሁኝ፣ ይበቃኛል' አለና በዚያ በኩል ሄደ።»

በእጁ ያመለከተኝ ወደ መታጠፊያው ነበር።

አሥር ሰዓት ሆኗል። ስደርስ ኦቦ ገመዳ ከአጥሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቡሉኳቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጥፈው ሥራቸው አድርገውታል። ከሽቦው ወዲያ፣ ፊት ለፊታቸው፣ አንድ ወጣት ወታደር ተቀምጧል። ክራንቹን ጎኑ አጋድሞታል። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም፤ የሱሪው ጫፍ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

መንገዱን ሁሉ የማስበው ስደርስ የምናገረውን የቁጣ ቃል ነበር። ሳያቸው ግን ቁጣው ከየት ይምጣ። ትንፋሼ ተቆራርጦ አጠገባቸው ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ምን አደረግሁዎት?»

«ምንም አላደረግሽኝም ልጄ። ብነግርሽ አትፈቅጂልኝም ብዬ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ቢነግሩኝ «ፕሮግራሙ ላይ የለም» ነበር የምላቸው።

ወደ ወታደሩ እያየሁ «ልጅዎ ነው?» አልኳቸው።

«አይደለም» አሉ። «በመስኮት ሳየው፣ አንገቱን በእጁ ይዞ እንጨቱን ተደግፎ ሲቆም፣ ሁንዴ ነው ብዬ ነበር። ሁንዴም እንደዚያ ነው የሚቆመው። ሦስት ቀን ሙሉ ከሩቅ ልጄ ነበር። ቀርቤ ሳየው የሰው ልጅ ነው።»

ሁንዴ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ለውትድርና ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። አንድ የሰፈራቸው ልጅ «ቆስሎ አዲስ አበባ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» ብሎ ነገራቸው። ለጉብኝቱ የተመረጡት እሳቸው አልነበሩም፤ ጎረቤታቸው ነው። ጊደራቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው በተራው መጡ።

ወታደሩ አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር። ስሙ ደሬሳ ነው፣ ከወለጋ። «የሁንዴን ክፍል ነግረውኛል» አለኝ ቀስ ብሎ። «የዚያን ክፍል ሰው እዚህ አላየሁም። ከዚያ ክፍል... ብዙ ሰው አልተመለሰም።»

በአማርኛ ነው የነገረኝ፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙ ብሎ። ኦቦ ገመዳ ግን አማርኛውን ባያውቁም የደሬሳን ፊት እያዩ ነበር። ተርጉሚልኝ አላሉኝም።

የግቢው ጥበቃ መጣ። ዐሥር አለቃ ነው፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ እግሩን እየጎተተ።

«ማናችሁ? እዚህ መቀመጥ ክልክል ነው።»

መታወቂያዬን አወጣሁ። ነገሩን በአጭሩ ነገርኩት። ወረቀቴን አገላብጦ አየና ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሱም እንደኔ ቀኑን ሙሉ በእግሩ የቆመ፣ የደከመው ሰው ነበር።

«የልጁን ስም ከነአባቱ ንገሪኝ» አለ።

ነገርኩት። መዳፉ ላይ በእስኪርቢቶ ጻፈና ወደ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆየ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ኦቦ ገመዳ ዐሥር አለቃው የገባበትን በር ያያሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ከዚህ መካኒሳ በእግር ለሽማግሌ ሰው አንድ ሰዓት ያህል ነው። አሁን ከተነሣን እንደርሳለን።

ዐሥር አለቃው ተመለሰ። ገና ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ። «መዝገቡ ላይ የለም» አለኝ። «ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። እዚህ የለም ማለት ግን ሌላ ቦታ የለም ማለት አይደለም በያቸው።»

አልኳቸው። ኦቦ ገመዳ ተነሥተው፣ ሁለት እጃቸውን አጣምረው፣ ዐሥር አለቃውን እጅ ነሡት። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

«አባባ፣ እንሂድ። ሰዓቱ ደርሷል» አልኩ።

«ይኼ ልጅ» አሉ ወደ ደሬሳ እያመለከቱ፣ «ሰባት ወር እዚህ ሲተኛ አንድ ሰው አልጠየቀውም። እናትና አባቱ ሞተዋል። እህት አለችው፤ እሱ መጻፍ አይችልም፤ መቁሰሉን አልነገራትም። ትጽፊለት እንደሆነ ጠይቄሽ ልሂድ ብዬ ነው።»

«ነገ እጽፍለታለሁ።»

«ነገ ፕሮግራም አለሽ» አሉኝ። ንግግራቸው ነቀፋ የለበትም። የሚያውቁትን ነው የተናገሩት።

ሰዓቴን እንደገና አየሁ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ያንን የጉብኝት ወረቀቴን አወጣሁ። ጀርባው ነጭ ነው። ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።

«ምን ልበላት?» አልኩት ደሬሳን።

አሰበ። «ጃለኔ፣ ደህና ነኝ በያት። አዲስ አበባ ነኝ በያት። ምግብ እንበላለን። እግሬን... አይ፣ እሱን ተዪው።»

«ጻፊው» አሉ ኦቦ ገመዳ።

«አባ፣ ትደነግጣለች።»

«በደብዳቤ ብትደነግጥ ጎረቤት አጠገቧ አለ። ሳትነግራት ብትሄድ ግን ደጅ ላይ ቆማ ነው የምታየው። ያን ጊዜ ሁለታችሁንም የሚይዛችሁ የለም።»

ደሬሳ የሱሪውን እጥፋት በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ «ጻፊው» አለኝ። የትኛው እግር እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ እንደማያመው ነገረኝ። አያመኝም ያለው ውሸት እንደነበር በኋላ ነው ያወቅሁት። በአማርኛ ጻፍኩት፤ የሰፈሩ አስተማሪ ያነብላታል። የመልሱን አድራሻ የኔን መሥሪያ ቤት አደረግሁ። ጨርሼ ቀና ስል ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። አሥራ ሁለት ሰዓት አልፏል።

ወደ መካኒሳ በእግራችን ሄድን። ኦቦ ገመዳ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት፤ እኔም ጫማዬ በእጄ ነው። አንዴ ብቻ «ስሙን ስትነግሪው መዳፉ ላይ ነው አይደል የጻፈው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጓድ ይልማ እንዳለው ግቢው በር ላይ ቆሟል። ጋሽ ወርቁና ጥቂት እንግዶች ከኋላው አሉ። ደብተሩ ተከፍቷል።

«የት ነበሩ?» አለኝ። እሳቸውን እያየ እኔን ነው የሚጠይቀው። ተረጎምኩላቸው።

ኦቦ ገመዳ ቀጥ ብለው ቆሙ። በኦሮምኛ፣ ረጋ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ልጄን ፍለጋ ሄጄ ነበር። መንግሥት ወሰደው፤ ይመለሳል ብሎ ነው የወሰደው። ሁለት ዓመት ሆነ። የሚነግረኝ አጣሁ። እናንተ አደባባይና ሐውልት ታሳዩኛላችሁ። ልጄን ካላሳያችሁኝ ይኼን ሁሉ ማየቴ ለምን ይጠቅመኛል?»

እንግዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ጓድ ይልማ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አሉ?»

«ከብት... ከብት ሲነዳ አይተው፣ አገራቸው ትዝ ብሏቸው ተከትለው ሄዱ። መንገድ ጠፋባቸው። ይቅርታ ይላሉ።»

ጓድ ይልማ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋ። ወደ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ቀረበና በጥሩ ኦሮምኛ፣ በወለጋ ኦሮምኛ፣ «አባ፣ ደክመዋል። ይግቡና ይረፉ። ራት አስቀምጠንልዎታል» አላቸው።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የተነገረው ሁሉ ይገባው ነበር።

በማግሥቱ ለብቻዬ ጠራኝ። «ትርጉምሽ አጭር ነው» አለኝ። «ነጆ ነው የተወለድኩት። ትናንት የሰማነው እኔና አንቺ ብቻ አይደለንም፤ በዚያ በር የቆመው ሁሉ ሰምቷል። አንዱ ቢናገር ሁለታችንም አንተርፍም። ከአስጎብኚነት ትነሻለሽ። መዝገብ ቤት ትገቢያለሽ። ምክንያቱን ሲጠይቁሽ 'ድምፄ ደከመ' በይ።»

ያን ቀን ጠላሁት። ዛሬ ምን እንደምለው አላውቅም። ያዳነኝ ይመስለኛል፤ ራሱንም እያዳነ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አላነሣብኝም።

መዝገብ ቤት ጨለማና አቧራ ነበር፤ ግን ወንበር አለው። በሁለተኛው ወር የጃለኔ መልስ መጣ። እሑድ ቀን ይዤው አጥሩ ዘንድ ሄድኩ። ለደሬሳ ሳነብለት አጠገቡ ያሉት ሰምተው «ለኔም ጻፊልኝ» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ ደብተር ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ሆኖ የቀረሁበት ቀን ጥቂት ነው። ዐሥር አለቃው በርጩማ ያወጣልኝ ጀመር። ደብዳቤ መጻፍ እንደ ማስጎብኘት አይደለም። አንዱንም በቃሌ አላጠናሁትም።

ደሬሳ በዓመቱ ከግቢው ወጣ። መካኒሳ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሬዲዮ መጠገን ተማረ። እኔና እሱ ምን እንደሆንን ሰው ከነገረን በኋላ ነው የገባን። ሽማግሌ ወደ አባቴ ቤት ሲላክ ሦስት ሰዎች ሄዱ፤ ጋሽ ወርቁ፣ አንድ የአቦ ቤተክርስቲያን አገልጋይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከአገራቸው ድረስ የመጡት ኦቦ ገመዳ። ከሳቸው ጋር ደብዳቤ እንጻጻፍ ነበር።

እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አባቴ እንደ ወጉ «የልጁ አባት ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ኦቦ ገመዳ «እኔ ነኝ» አሉ።

አባቴ ታሪኩን ከእኔ ሰምተዋል። «ገመዳ፣ ያንተ ልጅ ጠፍቶ የለም ወይ?» አሏቸው።

«ጠፍቷል» አሉ ኦቦ ገመዳ። «ይኼኛው ተገኝቷል።»

አባቴ ቡና እንዳቀርብ ወደ ጓዳ ተጣሩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አዲስ አበባ ዘመድ ወይም እንግዳ ሲመጣባችሁ አደባባዩን አሳዩ፣ ሙዚየሙንም መርካቶንም አሳዩ፤ ክፋት የለውም። ከተማዋ መታየት ይገባታል። እኔ ዛሬ በዕድሜዬ እንደገና ሳያት ያኔ የሰለቸኝ እሷ እንዳልነበረች ይገባኛል። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንግዳችሁን ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቁት። እኔ ሠላሳ ሁለት ሰው ሦስት ቀን ሙሉ አዙሬ አንዳቸውንም አልጠየቅሁም። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ የሚያስፈራኝ መልሱ ነበር። ያ ፍርሃት በዘመኑ አላበቃም፤ አሁንም አንዳንድ ቀን ሰው ፊት ቆሜ እያወራሁ ራሴን ስይዘው፣ አፌን እዘጋና እጠይቃለሁ። ከዚያ ቀን የቀረልኝ ይኸው ነው፤ ከባለቤቴ ሌላ።

ሁንዴ አልተመለሰም። መንግሥት ሲለወጥ፣ ወታደሩ ሁሉ በየመንገዱ ወደ አገሩ ሲጎርፍ፣ ኦቦ ገመዳ ወራት ሙሉ አምቦ መንገድ ዳር እየወጡ ተቀመጡ። ሞተ ብሎ የነገራቸው የለም፤ አለ ብሎ የነገራቸውም የለም።

እሳቸው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቆይተው ዐረፉ። ወሬው ሲደርሰን እኔና ደሬሳ በአውቶቡስ ሄድን፤ ከዋናው መንገድ ወርደን ደግሞ ዳገቱን በእግር። ደሬሳ በክራንች ነው፤ በየመሐሉ ተቀምጦ ያርፋል፤ በቅሎ እናምጣልህ ሲሉት እምቢ አለ። ስንደርስ ለቀስተኛው ሜዳው ላይ ቆሟል። አንዲት አልቃሽ መሐል ገብታ የሟቹን ስም ጠራች። ከብት አያያዛቸውን፣ ደግነታቸውን አነሣች። ከዚያ «የሁንዴና የደሬሳ አባት» አለች።

ደሬሳ ክራንቹን ለቀቀና መሬት ላይ ተቀመጠ። ስለ እግሩ እንኳ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።